ስልኩን እንደ እንግዳ አስቀምጡት፦ የጅማን ታሪክና ጥበብ በኢንተርኔት የማካፈል አሠራር

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሰፈራችን አባት ጅማ ውስጥ ስላለው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ አወጉን። የቡና ጆንያ የጫኑ በቅሎዎች በየት በኩል ይገቡ እንደነበር፣ ማር ሻጮች የት፣ ቅቤ ሻጮች የት ይቀመጡ እንደነበር፣ ልጅ ሆነው የአባታቸውን ጋቢ ጫፍ ይዘው በሕዝቡ መሀል እንዴት ያልፉ እንደነበር፣ አንድ በአንድ። ጅዳና ዋሽንግተን ያሉት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በስልክ ይከታተላሉ። ወሩ ሐምሌ ነበር። ወጉ ሲደራ ዝናቡ ወረደ። ቤቱ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነውና ድምፃቸው በዚያው ጠፋ። እርሳቸው ግን ሁሉም የሚሰማቸው መስሏቸው እስከ መጨረሻው ተረኩ። ዛሬ ቀረጻውን ስከፍተው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ የሚሰማኝ ዝናብ ነው። እኚያ አባት ዓመት ሳይሞላ አረፉ። ያንን ወግ በዚያ መልኩ የሚያውቅ ሌላ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ከጎረቤቶቼ ጋር ብዙ ምሽቶችን አዘጋጅተናል። የታሪክ ወግ፣ የእጅ ሥራ፣ የድሮ ፎቶግራፍ፣ መንዙማ፣ የሙዚየም ጉብኝት ሞክረናል። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ የተማርነውን ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለት ስልክ፣ ልብስ ላይ የሚሰካ አንድ ርካሽ ማይክ፣ ሦስት ወይም አራት ሰው እና አንድ የሚያወጋ ሰው ካላችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

ርዕሱን አጥብቡት

«የጅማ ታሪክ» ብላችሁ አትጀምሩ። ጅማ ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ነበረች። የዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይዘልቃል። ከዚያ የጣሊያን ወረራ ዓመታት አሉ፤ ከተማዋ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የነበረችበት ጊዜ አለ፤ የቡናው ንግድ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ላውጋ የሚል ሰው ዓመተ ምሕረት ሲቆጥር ያመሻል፤ አድማጩም አንድ በአንድ ይወጣል።

እኛ ዘንድ የሠሩት ርዕሶች ትንንሾቹ ናቸው። «ሐሙስ ዕለት ሂርማታ ምን ይሸጥ ነበር?» «አዌቱ ወንዝ ውስጥ ዋና የተማራችሁ እነማን ናችሁ?» «በርጩማ እንዴት ይፈለፈላል?» አንዱ ምርጥ ምሽታችን ስለ ፈረስ ስም ብቻ ነበር። አባ ጅፋር፣ አባ ረቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል እያልን የምንጠራቸው የጅማ ነገሥታት የሚታወቁት በፈረሳቸው ስም ነው። ይህን የማያውቅ ወጣት ብዙ ነው። ያን ዕለት ማታ አድማጮች የአያቶቻቸውን የፈረስ ስም ከየአገሩ ሲጽፉልን ጥያቄ ለማንበብ ጊዜ አጣን።

መለኪያው ቀላል ነው። ጥያቄውን ለአንድ አዛውንት ስታቀርቡላቸው «አንድ ቀን…» ብለው ከጀመሩ ርዕሱ ጠቧል። «ድሮማ ሁሉም ጥሩ ነበር» ብለው ከጀመሩ ገና ሰፊ ነው።

ተራኪውን ሁለት ጊዜ ቀድማችሁ ጎብኙ

በመጀመሪያው ጉብኝት ስልክ አታውጡ። ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ፤ ተቀመጡ፤ አዳምጡ። ሰውየው ወይም ሴትየዋ በየትኛው ቋንቋ ሲያወጉ ዓይናቸው እንደሚበራ፣ በስንት ሰዓት እንደሚደክማቸው፣ በየትኛው ጆሯቸው በደንብ እንደሚሰሙ የምታውቁት ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው ጉብኝት የልምምድ ነው። ስልኩን አቁሙ፤ አምስት ደቂቃ ቅረጹ፤ ቀረጻውን መልሳችሁ አሳዩአቸው። ራሳቸውን ሲያዩ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ነጠላቸውን ወይም ሻሻቸውን ያስተካክላሉ፤ «ይህን ደግሞ ሳልነግራችሁ» ብለው ይጨምራሉ።

ፈቃድ የምትጠይቁት በዚህ ጊዜ ነው። ሦስት ነገር ለይታችሁ ንገሯቸው፦ ስርጭቱን ሩቅ አገር ያሉ የማያውቋቸው ሰዎች እንደሚያዩት፣ ቀረጻው እንደሚቀመጥ፣ ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡ እንደሚነሳ። ከተስማሙ ይህንኑ በራሳቸው ድምፅ፣ በራሳቸው ቋንቋ ቀረጻው መጀመሪያ ላይ ይናገሩት። የተፈረመ ወረቀት ካላችሁ መልካም ነው፤ ለቤተሰቡም ለእናንተም ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በድምፅ የተሰጠው ቃል ነው። ልጆቻቸውንም አስቀድማችሁ አነጋግሩ። እናታቸውን በሰው ስልክ ላይ ድንገት ያየ ልጅ ቢቀየም አይፈረድበትም።

አንድ ከባድ ጉዳይ ሳልጠቅስ አላልፍም። ሂርማታ የሰው ልጅም የተሸጠበት ገበያ ነበር። የባሪያ ንግድ የዚህ አካባቢ ታሪክ አካል ነው፤ መደበቅም ተገቢ አይደለም። ነገር ግን የተሸጡትም የሸጡትም ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በአንድ ሰፈር ቡና ይጠራራሉ። ስለዚህ ተራኪውን አስቀድማችሁ ተማጸኑ፦ ዘመኑን፣ ንግዱን፣ ግፉን ይንገሩን፤ የእገሌ ዘር እንዲህ ነበር የሚለውን ግን ይተዉት። የመሬት ክርክርና በፍርድ ቤት ያለ የቤተሰብ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በቀጥታ ስርጭት ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም።

ስለ ቋንቋም አስቡበት። ጅማ ውስጥ አንድ ወግ በአፋን ኦሮሞ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል፤ ከየም ወይም ከዳውሮ የመጣ ጎረቤትም የራሱን ቃል ይጨምርበታል። ተራኪው በሚቀናቸው ቋንቋ ይናገሩ። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እናስተረጉም ነበር፤ ወጉን ገደለው። ሽማግሌው በየመሀሉ እየቆሙ መጠበቅ ሰለቻቸውና ያሳጥሩ ጀመር። አሁን አራት ወይም አምስት ደቂቃ ሙሉ ሳናቋርጥ እንሰማለን፤ ከዚያ ሁለቱንም ቋንቋ አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ዋናውን ሐሳብ በሌላው ቋንቋ ይናገራል። ቁልፍ የሆኑትን ቃላት ደግሞ አንድ ልጅ በጽሑፍ መስጫው ላይ እየጻፈ ያግዛል።

ቀንና ሰዓት

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፤ ተዉት። ዓርብ ከሰዓት የጁምዓ ሰላት አለ፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ረመዳን ከሆነ ተራዊሕ ምሽቱን ይወስደዋል። እኛ ብዙ ሞክረን የረጋነው ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። የዒሻ ሰላት ያበቃል፤ እራት ይበላል፤ ሕፃናት ይተኛሉ።

ማስታወቂያው ላይ ሰዓት ስትጽፉ ተጠንቀቁ። «ከምሽቱ 2 ሰዓት» የሚለውን አሜሪካ ያለ ሰው በራሱ ሰዓት 2 አድርጎ ሊያነበው ይችላል። እኛም እንዲህ ሆኖብን ነበር፤ ወጉ ካለቀ በኋላ እየገቡ «መቼ ነው የሚጀመረው?» ብለው የጠየቁን ነበሩ። አሁን እያንዳንዱን ከተማ ለየብቻ እንጽፋለን። ጅማ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ጅዳና ሪያድ ያው ነው። ዱባይ ከምሽቱ 3 ይሆናል። ዋሽንግተን በበጋቸው ወራት በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው 12 ሰዓት እኩለ ቀን ነው። ለንደን በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በበጋ ከምሽቱ 6፣ በክረምት 5 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በእኛ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ እንደገናም በጥቅምት መጨረሻ ላይ ስለሆነ በእነዚህ ሳምንታት ማስታወቂያውን ዳግም አረጋግጡ። አውስትራሊያ ያሉት ወገኖቻችን በዚያ ሰዓት ሌሊት ላይ ናቸው፤ ለእነርሱ ቀረጻው ይደርሳቸዋል።

ወሩን በተመለከተ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጅማ ይመረጣል። ዝናቡ ይቀንሳል፤ የቡና ለቀማው ወሬ ሁሉ አፍ ላይ ነው። በክረምት ማዘጋጀት ግድ ከሆነ ኮርኒስ ያለው ቤት ፈልጉ። ቆርቆሮው ከላይ ክፍት የሆነ ቤት ውስጥ ምንም ዓይነት ማይክ አያድናችሁም።

መሣሪያና መስመር

አንደኛው ስልክ ያስተላልፋል። ሁለተኛው ስልክ ይቀርጻል፤ ሌላ ምንም አይሠራም። የሚቀርጸውን ስልክ የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉት፤ ጥሪ ሲገባ ቀረጻ የሚቋረጥባቸው ስልኮች አሉ። ከቀረጻው በፊት ቦታ አስለቅቁ፦ የአንድ ሰዓት ጥራት ያለው ቪዲዮ እንደ ስልኩ ዓይነት ከ4 እስከ 8 ጊጋባይት ይወስዳል። ስርጭቱ ቢቆረጥም ወጉ የሚተርፈው በዚህ ሁለተኛ ስልክ ነው፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

የት ታስተላልፉ? ለጀማሪ ቴሌግራም እመክራለሁ። አብዛኛው ሰው ስልኩ ላይ አለው፤ ቻናል ከፍታችሁ ከዚያው የቀጥታ ስርጭት ማስጀመር ትችላላችሁ፤ አድማጭም እጁን አውጥቶ መናገር ይችላል። ዩቲዩብ ለማኅደር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከስልክ በቀጥታ ለማስተላለፍ ቻናላችሁ ቢያንስ 50 ተከታይ ሊኖረው ይገባል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈቀድም እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። በዝግጅቱ ዕለት ልክፈተው የሚል ሰው ይቀርበታል። ዙም በነፃው አገልግሎት 40 ደቂቃ ሲሞላ ይዘጋል። ሽማግሌው «እናም ንጉሡ እንዲህ አሉ» ባሉበት ቅጽበት ሊዘጋባችሁ ይችላል።

ስለ ዳታ ሒሳቡን ላሳያችሁ። በሰከንድ 2 ሜጋቢት ብታስተላልፉ በሰዓት 900 ሜጋባይት ያህል ይሄዳል። ጥራቱን ቀንሳችሁ ወደ 1 ሜጋቢት ብታወርዱት 450 ያህል ይሆናል። ለወግ ይህ ይበቃል፤ ሰው የመጣው ሊሰማ ነው። ድምፅ ብቻ ቢሆን ደግሞ በ64 ኪሎቢት በሰዓት 30 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ትንሽ ጥቅል ላለው ተማሪ ድምፅ ብቻ የሚተላለፍበት ሁለተኛ ቻናል ክፈቱ። እኛ ይህን ከጀመርን ወዲህ ከወረዳዎቹ የሚከታተሉን በርክተዋል።

ከሁለቱ የቴሌኮም ኩባንያዎች ሲም ካርድ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲደክም በሌላው ቀጥሉ። ከሦስት ቀን በፊት በዚያው ቤት፣ በዚያው ሰዓት ፍጥነቱን ለኩ። ጠዋት የተለካ ፍጥነት ስለ ምሽት ምንም አይነግራችሁም። መብራት ቢጠፋ ስልኮቹን ፓወር ባንክ ይይዛቸዋል። ራውተር የምትጠቀሙ ከሆነ አብዛኛው ራውተር የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆነ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ከአምስት ሰዓት በላይ ያቆየዋል። የሚያገናኘው ግን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይሁን።

አቀማመጥ

ከሁሉ በላይ ላስተላልፍ የምፈልገው ይህንን ነው። አዛውንቱን ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ስልኩን ፊታቸው ላይ አትደቅኑ። ሰው ለመስታወት አያወጋም፤ ለሰው ፊት ነው የሚያወጋው። ስለዚህ ምሽቱን እንደ ማንኛውም የቡና ምሽት አዘጋጁት። ጎረቤት ይጠራ፤ ልጆች መሬት ላይ ይቀመጡ። አንድ ቦታ ባዶ ተዉ፤ እንግዳ ቢመጣ የሚቀመጥበትን። እዚያ በርጩማ አኑሩ፤ በላዩ ላይ ሳጥን ወይም መጽሐፍ ደርድሩና ስልኩን በተቀማጭ ሰው የዓይን ከፍታ አቁሙት። ስልኩ እንደ አንድ እንግዳ ይቀመጥ። ከአጠገቡ ጠያቂውን አስቀምጡ። ተራኪው ጠያቂውን ሲያዩ ጅዳ ያለው ልጅ እርሱን እያዩ ያሉ ይመስለዋል።

ማይኩ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ቢርቅ ይበቃል። ጋቢ ወይም ሻሽ ሲነካው የሚሰማው ኮሽታ ከባድ ነውና ከልብሱ በላይ ሰክታችሁ እጃቸውን ሲያነሱ የሚሆነውን አዳምጡ። ረከቦቱ ከማይኩ ሁለት ሜትር ይራቅ። የሲኒ ኳኳታ እኛ ክፍሉ ውስጥ ስንሆን አይረብሸንም፤ በስልክ ሲሰማ ግን ድምፁን ሁሉ ይሸፍነዋል። ቡናው ስርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ይቆላ፤ ጭሱ ይውጣ። ቴሌቪዥን ይጥፋ። ማቀዝቀዣ ካለ ለአንድ ሰዓት ይነቀል። መብራቱ ከተራኪው ፊት ይምጣ፤ ከኋላቸው አምፖል ወይም ክፍት በር ካለ ፊታቸው ይጠቁራል።

እጅ ሥራና የቦታ ጉብኝት

የጅማ በርጩማ ስሙ የታወቀ ነው፤ ሲሠራ ያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ስታሳዩ ፊት ሳይሆን እጅ ቅረጹ። ባለሙያው ቀኝ እጁን የሚጠቀም ከሆነ ስልኩ በግራው በኩል፣ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቁም፤ ያኔ የሚሠራው እጅ ሥራውን አይጋርደውም። ፍላጩ የሚበርበትን አቅጣጫ አይታችሁ ራቁ። ከዚያ ዝም በሉ። እኛ አንድ ጊዜ አራት ደቂቃ ሙሉ ማንም ሳይናገር የመጥረቢያውን ድምፅ ብቻ አስተላለፍን። እግሮቹ ከግንዱ ውስጥ ቀስ እያሉ ሲወጡ ይታያል፤ ባለሙያው በአውራ ጣቱ ውፍረቱን ይዳስሳል፤ ደግሞ ይመታል። ከታዳሚው አንድም ሰው አልወጣም። ማብራሪያውን ከዚያ በኋላ ጠይቁት፦ እንጨቱ ለምን ዋንዛ ሆነ? እርጥብ ሳለ ነው ወይስ ሲደርቅ የሚፈለፈለው? የሚሰነጠቀውስ በምን ምክንያት ነው? ዋጋውንም ይናገር፤ ትእዛዝ የሚሰጥ ይኖራል፤ ባለሙያው ከምሽቱ ሊጠቀም ይገባል።

ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወይም ከተማው ውስጥ ያለውን ሙዚየም ለማሳየት ከሆነ አስቀድማችሁ በደብዳቤ አስፈቅዱ። በቀጥታ ለማስተላለፍ አትሞክሩ፤ ቀድማችሁ ቀርጻችሁ በምሽቱ አሳዩት። ስልኩን አግድም ያዙ። እየተራመዳችሁ አትናገሩ። አንድ ቦታ ላይ ቁሙ፤ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። የእንጨቱን ሥራ ቀርባችሁ አሳዩ፤ ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ከተማዋን ሳታሳዩ አትውረዱ። ብዙ ዓመት ከአገር የራቀ ሰው ከየትኛውም ዕቃ ይልቅ ያንን እይታ ነው ደግሞ የሚያየው። በዕቃዎቹ ላይ የካሜራ ብልጭታ አትጠቀሙ።

የድሮ ፎቶግራፍ

ይህ በጣም ቀላሉ ዝግጅት ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት «የቤተሰባችሁን አንድ የድሮ ፎቶ አውጡ» ብላችሁ ጥሩ። ፎቶውን ከአልበሙ በጉልበት አትላቀቁ፤ የተጣበቀው ይቀደዳል። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይነካው ቦታ አስተኙት፤ ስልኩን በትክክል ከላይ ያዙ፤ መስታወት ካለው ትንሽ አዘንብሉ። ጀርባውንም አንሱ፤ ጽሑፉ ያለው ከጀርባ ነው። በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ማን፣ የት፣ መቼ፣ የማን ንብረት የሚለውን ጻፉ። ዓመቱን ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን አትርሱ። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት የአንድን ሕንፃ ታሪክ ከጣሊያን በፊት ወይም በኋላ ያደርገዋል። ያልታወቀ ሰው ካለ «ማን ናቸው?» ብላችሁ በምሽቱ ጠይቁ። አንድ ጊዜ እንዲህ ስንጠይቅ አንዲት እናት ከውጭ አገር ደውለው አባታቸውን ከኋላ ረድፍ ለዩ። ከዚያ በፊት የአባታቸው ፎቶ አልነበራቸውም።

ዘፈንና መንዙማ

የተቀዳ ዘፈን ከበስተጀርባ አትክፈቱ። ማሰራጫዎቹ በራሳቸው ለይተው ድምፁን ያጠፉታል። ሕጉም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። የሰፈራችሁን ባለ ክራር ወይም ባለ ማሲንቆ በአካል ጋብዙ፤ ክፈሉት። መንዙማ ለማስተላለፍ ባለቤቶቹን ጠይቁ፤ ጸሎት ነውና ፊት እንዲታይ የማይፈልጉ አሉ፤ ድምፁ ብቻ ይበቃል ካሉ ድምፁን ብቻ ውሰዱ።

ምሽቱ

ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ ጠያቂ ነው። አንዱ ስርጭቱን ይከታተላል፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ በሌላ ስልክ፣ ሌላ ክፍል ሆኖ ልክ እንደ ተመልካች ይሰማል። ያን የሐምሌ ምሽት የጎደለን ይህ ሰው ነበር። ድምፅ ሲጠፋ ገብቶ የጠያቂውን ትከሻ ይነካል፤ ጠያቂው «አባ፣ ይቅርታ፣ አንዴ እንጠብቅ» ይላል። አንድ ሌላ ሰው ጥያቄዎችን ይሰበስባል፤ ስድብ ሲመጣ ወዲያው ያጠፋል፤ ደግሞ ከመጣ ሰውየውን ያስወጣል። ከዚህ ጋር ክርክር አትግጠሙ።

ከ75 ደቂቃ አትለፉ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ሰላምታ ነው፤ እነማን እንደገቡ ከነከተማቸው ይጠሩ፤ ተራኪው ማን እየሰማቸው እንደሆነ ይወቁ። ከዚያ አቦሉ ሲቀዳ ወጉ ይጀመር፤ 25 ወይም 30 ደቂቃ ይሂድ። ፎቶ ካለ በዚህ መሀል ይግባ። ቶናው ለጥያቄ ነው። ጥያቄውን ስታነቡ የጠያቂውን ስምና ያለበትን አገር ጨምሩ፤ አዛውንቱ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው መመለሳቸው አይቀርም፤ ከዚያ የሚመጣው ወግ አንዳንዴ ከዋናው ይበልጣል። በረካው ላይ ምርቃት ይቀበሉና ይዝጉ። ምርቃቱን አታቋርጡ፤ ቢረዝምም ይርዘም።

መስመር ቢቋረጥስ? መጀመሪያውኑ «ብንቋረጥ አሥር ደቂቃ ጠብቁን፤ እዚሁ እንመለሳለን» ብላችሁ ተናገሩ። ተራኪውን ግን አታስቁሟቸው። ክፍሉ ውስጥ አድማጭ አለ፤ ሁለተኛው ስልክ እየቀረጸ ነው። የተቋረጠውን ነገ ትልካላችሁ።

በማግስቱ

ቀረጻውን በሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ አንድ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ከኮምፒውተር ውጭ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ደግሞ ሌላ ሰው ቤት ወይም የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ። የጅማ እርጥበት ለዕቃ አይመችምና ሃርድ ዲስኩን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ አኑሩት። የፋይሉ ስም ቀኑን፣ ቀበሌውንና ርዕሱን ይያዝ፤ «ቪዲዮ 1» የሚባል ፋይል ከዓመት በኋላ ማንም አይከፍተውም። በአንድ ገጽ ላይ ምን በስንተኛው ደቂቃ እንደተወራ ጻፉ፤ የቦታና የሰው ስሞችን ከተራኪው ጋር ሆናችሁ አርሙ። የከተማው ወይም የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ቅጂ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ።

ለተራኪው ቤተሰብ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ቅጂ በፍላሽ አድርሱ፤ ቴሌቪዥናቸው ላይ ሰክታችሁ እንደሚከፍት አረጋግጡ። ከቤታችሁ ይዛችሁት ከመውጣታችሁ በፊት ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ ምርቃቱ ድረስ፣ ምንም ሳትዘሉ፣ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡት። አንድ ቦታ ድምፁ ከጠፋ በማግስቱ ሄዳችሁ ያንኑ እንዲደግሙላችሁ ለምኗቸው።